ከበሩ ውጭ የቀሩ እጆች

ናርዶስ የማርያም ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ደርሳ ለመሳለም ጎንበስ ስትል ሆዷን ቆረጣት። ከቁርጠቱ በኋላ የመጣውን ማንም ሳይነግራት አወቀችው። ባለፈው ወር አምስት ቀን ዘግይቶ ነበር፤ በዚህ ወር አራት ቀን ቀድሞ መጣ። ቀን መምረጥ ቢያውቅበት ኖሮ ዛሬን ባልመረጠ።

«ምን ትገተሪያለሽ? ግቢ እንጂ፣ ሊጀምሩ ነው» አለች ሃና ከግቢው ውስጥ። ሃና ቅዳሴውን አስቀድሳ ጓደኛዋን ልትቀበል ወደ በሩ መጥታ ነበር።

«አልችልም።»

ሃና ፊቷን ስታይ ወዲያው ገባት። ሁለቱ እንጅባራ ከተማ አንድ ክፍል ተከራይተው፣ አንድ ፍራሽ ላይ እየተኙ ዘጠነኛ ክፍል ይማራሉ። ዓርብ ዓርብ ወደ ቀበሌያቸው ይወጣሉ፤ እሑድ ከሰዓት ስንቃቸውን ተሸክመው ይወርዳሉ። እንዲህ የሚኖሩ ሰዎች የሚደባበቁት ነገር አይኖራቸውም።

«ፔሬድ?» አለች ድምጿን ቀንሳ። «ዛሬ?»

«ዛሬ።»

በዚህ ደብር ልማዱ ጥብቅ ነው። የወር አበባ ያየች ሴት የግቢውን በር አታልፍም። አራስም እንዲሁ ናት፤ ወንድ የወለደች አርባ ቀን፣ ሴት የወለደች ሰማንያ ቀን ሳይሞላት፣ ልጇም ሳይጠመቅ አትገባም። ከበሩ ውጭ አንድ ትልቅ ወይራ አለ። ሴቶቹ እዚያ ሥር ተቀምጠው ቅዳሴውን በድምፅ ማጉያ ይሰማሉ፣ ባሉበት ይሰግዳሉ፣ ባሉበት ይጸልያሉ። ናርዶስ ከልጅነቷ ጀምሮ ስታየው የኖረችው ነገር ስለሆነ ገርሟት አያውቅም። ጸሎት እንደሆነ ከውጭም ይሰማል። የዛሬው ግን ጸሎት ብቻ አልነበረም።

ዛሬ ጉባኤ ነው። የደብሩ ባህር ዛፍ ለቆረጣ ደርሷል፤ አንዴ ከተቆረጠ መልሶ እስኪደርስ ስድስት ሰባት ዓመት ይፈጃል። እንጨቱ የሚበቃው ለአንድ ቤት ነው፤ የሚጠይቁት ቤቶች ግን ሁለት ናቸው። አንደኛው ሰንበቴ ቤቱ ነው። አሮጌው ጣሪያው አፍስሶ፣ ግድግዳው ዘሞ፣ ክረምት ክረምት ሽማግሌውም ነዳያኑም እላያቸው ላይ እየዘነበ ነው ዝክር የሚቀምሱት። ሁለተኛው የእናቶች ማቆያ ነው። እንጅባራ ያለው ጤና ጣቢያ ቦታ ሰጥቷል፣ ቆርቆሮም አግኝቷል፤ የጎደለው የግድግዳው እንጨት ነው። ማቆያው ከተሠራ ከሩቅ ቀበሌ የሚመጡ ሴቶች ቀናቸው ከመድረሱ ሁለት ሳምንት ቀደም ብለው ወርደው ጤና ጣቢያው በር ላይ ይቆያሉ፤ ምጥ ሲመጣ የሚሻገሩት ወንዝ አይኖርም።

ከየቤቱ አንድ እጅ ተብሏል። አባወራው ከሌለ ሚስት፣ ሚስትም ካልቻለች ለአቅም የደረሰ ልጅ። የናርዶስ አባት ካሳው ከጫግኒ ወዲያ ቆላ ለአጨዳ ወርዷል፣ ኔትወርክ እንኳ የለውም። እናቷ እታለማሁ አራስ ናት፤ ሴት ልጅ ከተገላገለች ገና ሃያ ስድስተኛ ቀኗ ነው። የቀረችው ናርዶስ ነበረች።

እናቷ ጠዋት መደብ ላይ ተጋድማ ሕፃኗን እያጠባች «እጅሽን ደህና አድርገሽ አውጪ» ብላት ነበር። «እንደ ተማሪ ግማሽ እጅ እንዳታወጪ። ሳይቆጥሩሽ እንዳያልፉ።»

«እሺ።»

«እመቤታችንም እኮ ቀኗ ሲደርስ ማደሪያ አጥታ ነው በከብት በረት የወለደችው። እሷ ዛሬ ስንት ቤት አላት። ማደሪያ የሌለን እኛ ነን።»

እናቷ ይህን የምትለው ከንግግር አዋቂነት አይደለም። በመስከረም መጨረሻ፣ ያንን ዝናብ ሲያወርደው፣ ስምንት ወንዶች እየተፈራረቁ በቃሬዛ አውርደዋታል። ናርዶስ ከኋላ ጃንጥላ ይዛ ትሮጥ ነበር። ጃንጥላው ለማን እንደሚጠቅም አታውቅም፣ ብቻ ይዛው ትሮጣለች። እናቷ «ማርያም፣ ማርያም» ስትል ቆይታ ወንዙ ጋ ሲደርሱ ዝም አለች፤ የለበሰችው ጋቢ ከታች በኩል እየቀላ ነበር። ነርሷ በኋላ «ግማሽ ሰዓት ብትዘገዩ ኖሮ» ብላ ሳትጨርሰው ተወችው። ጎረቤታቸው እህተማርያም ግን ባለፈው ዓመት በዚያው መንገድ፣ በዚያው ቃሬዛ ወርዳ፣ ወንዙን ሳትሻገር ቀርታለች።

«ስሚ» አለች ሃና በሩን ተደግፋ። «ባክሽ አታካብጂ። ዝም ብለሽ ግቢ። ማን ያውቅብሻል? ነጠላሽን ወደታች ልቀቂው፣ ጥግ ላይ ቁሚ፣ እጅሽን አውጪና ውጪ።»

«ሃና።»

«እኔ ስንቴ ገብቻለሁ። አየሽ፣ አልሞትኩም።»

ናርዶስ ሳቋ ሊመጣ ነበር፣ ግን አልመጣም። አንድ እግሯን ወደ በሩ አንስታ መለሰችው። ሃና ያለችው እውነት ነው፤ ማንም አያውቅባትም። ግን ዓይኗ እያየ፣ እያወቀች፣ የእናቷን እጅ በውሸት ተሸክማ ልትገባ ነው? ከዚያስ ሕፃኗ የታመመች ቀን፣ አባቷ ከቆላ የዘገየ ቀን፣ ጥፋቱን ማን ላይ ልታደርገው ነው? እግዚአብሔርን ፈርታ ይሁን ሰውን ፈርታ አልለየችውም።

«አንቺ አውጪልኝ» አለች በመጨረሻ። «የእኛን ቤት እጅ አንቺ አውጪልኝ። የእታለማሁ ቤት ብለሽ ንገሪያቸው።»

ሃና ወደ ውስጥ ሮጠች። ናርዶስ በተከፈተው በር አየቻት፤ የሰበካው ሊቀመንበር አቶ ዘመኑ ዘንድ ደርሳ፣ እጅ ነስታ፣ ወደ በሩ እየጠቆመች ተናገረች። አቶ ዘመኑ ክፉ ሰው አይደሉም። ራሳቸውን ነቀነቁ፣ ትከሻዋን መታ መታ አድርገው መለሷት።

«ለሌላ ቤት እጅ ማውጣት አይቻልም አሉ» አለች ሃና ስትመለስ። «አንድ ጊዜ ከተፈቀደ ማቆሚያ የለውም አሉ። ራሷ ትግባ፣ ምን አገዳት አሉኝ።»

«ምን አልሻቸው?»

«ምን ልበል? አፈርኩ።»

ከዚያ በኋላ ሃና ከአባቷ ጎን ልትቆም ገባች። ናርዶስ ወይራው ሥር ሄዳ ተቀመጠች።

ስድስት ሆኑ ከእሷ ጋር። አንዷ ያልተጠመቀ ወንድ ልጅ የታቀፈች አራስ ናት፤ የጉባኤውን ወሬ ቤቷ ሆና መጠበቅ አቅቷት የመጣች። ሌሎቹ እንደ ናርዶስ ናቸው። ዳር ላይ ወርቅአየሁ ተቀምጣለች፣ የሟቿ የእህተማርያም ታናሽ እህት። ከባሏ ተለያይታ ብቻዋን የምትኖር፣ ቤቷም እጇም የራሷ የሆነ ሴት ናት።

«አንቺም?» አለች ወርቅአየሁ ናርዶስን ስታያት።

«አሁን፣ በሩ ላይ።»

«እኔ እንኳ ሳምንቱን ሙሉ አውቄው ነበር። ቆጥሬ። እሑድ ላይ እንደሚውል አውቄ ነበር።»

«ታዲያ ቀኑን ለውጡልኝ አትያቸውም ነበር?»

ወርቅአየሁ የነጠላዋን ጥለት ስትፈትል ቆየች። «ምን ብዬ? ሽማግሌ ፊት ቆሜ፣ እሑድ እንዲህ ነኝና ቀኑን አዛውሩልኝ ልበል? እህቴ የሞተችበትን ነገር ልናገር ብዬ በእፍረት ልሙት?»

ናርዶስም እኮ ልካ ያስጠየቀችው በሃና ነው።

ድምፅ ማጉያው ተንጫጫና ጸጥ አለ። የንስሐ አባታቸው ቄስ ምስጋናው ተናገሩ። ወደ አንዱ አላደሉም፤ ሰንበቴ ቤቱ የደሃ ጥላ መሆኑን ተናገሩ፣ ማቆያው የሚያድነውን ነፍስም ተናገሩ፤ «ሁለቱም የእመቤታችን ሥራ ነው፣ ልባችሁ የመራችሁን ምረጡ» ብለው ቁጭ አሉ። ከዚያ አቶ ዘመኑ ተነሡ። «ለሰንበቴ ቤቱ የሆናችሁ፣ እጅ።»

ናርዶስ ብድግ ብላ በበሩ በኩል አየች። ከእጆቹ መካከል አንዱን ገና ሲነሣ ለየችው። የታይቱ ነበር። ታይቱ ጎረቤታቸው ናት፣ የመጀመሪያ ልጇን አርግዛ ዘጠነኛ ወሯን ይዛለች። ባሏ ከካሳው ጋር ቆላ ስለሆነ የቤቷን እጅ የምታወጣው እሷ ናት። ሆዷን በግራ እጇ ደግፋ፣ ቀኝ እጇን ደህና አድርጋ ነው ያወጣችው፤ ልክ እታለማሁ ለናርዶስ እንደነገረቻት።

ናርዶስ አልገረማትም። ትናንት ታይቱ አራሷን ልትጠይቅ መጥታ በዚሁ ጉዳይ ከእናቷ ጋር ተነጋግረዋል። ታይቱ ነገር ሲከብዳት ከአማርኛው ወጥታ ወደ አዊኛ ትገባለች፤ ትናንትም እንዲሁ አድርጋለች። ያለችው ይህን ነው፦ የማርያምን ሰንበቴ እምቢ ብዬ፣ ቤቷን ከልክዬ፣ በምጥ ቀን በምን አፌ እጠራታለሁ? ከእሷ ሌላ ማን አለኝ? እታለማሁ የበረቱን ነገር ነገረቻት። ታይቱ አዳምጣ፣ እንባዋን ጠርጋ፣ «እኔ ግን እፈራለሁ» ብላ ሄደች።

«አርባ ሰባት» አሉ አቶ ዘመኑ። «ለእናቶች ማቆያ የሆናችሁ።»

ይህኛው ቆጠራ ረጅም መሰላት። ወይራው ሥር ያሉት ሁሉ ተነሥተዋል። አራሷ ልጇን ወደ ትከሻዋ አዛውራ በከንፈሯ አብራ ትቆጥራለች። ናርዶስ እጇ ነጠላዋ ውስጥ ሳታስበው ተነሥቶ ነበር። ከበሩ ማዶ ማንም ወደዚህ አላየም።

«አርባ አራት።»

እልልታው ከውስጥ መጣ። ሰንበቴ ቤት ለማርያም ነው፣ እልል ያላሉት ሰዎች እንኳ አልተከፉም።

ናርዶስ ሒሳብ ላይ ጎበዝ አይደለችም፤ ይህን ግን ማንም ይደምረዋል። ዞር ብላ ጠየቀቻቸው። ከስድስቱ የሁለቱ ባሎች ውስጥ ናቸው፣ የቤታቸው እጅ ወጥቷል። የአራቱ ቤት እጅ ግን ከዚህ ወይራ ሥር አልተነሣም፤ የእታለማሁ፣ የወርቅአየሁ፣ ባሎቻቸው ቆላ የወረዱት የሁለቱ ሴቶች። «ለየትኛው ነበር የምታወጡት?» አለቻቸው። ሁለቱ ሴቶች ተያዩ። ወርቅአየሁ «ይሄ ይጠየቃል?» አለች።

አራት። ለማሸነፍ የጎደለው ደግሞ አራት ነበር።

ቄስ ምስጋናው መስቀላቸውን ይዘው ሲወጡ ናርዶስ መንገዳቸው ላይ ቆማ ጠበቀቻቸው። ልትሳለም ግን አልቀረበችም፤ ፈንጠር ብላ ቆመች። እሳቸውም ሴቶቹን፣ ወይራውን፣ እሷንም አይተው ቆሙ።

«አባ፣ እኛን አልቆጠራችሁንም» አለች። «አራት ቤት እዚህ አለ። እናቴ ልካኝ ነበር። አራት ቤት ነው።»

ቄሱ መስቀሉን ከአንድ እጃቸው ወደ ሌላው አዛወሩት። «ከቅዳሴ በኋላ ይሁን ያልኩት እኔ ነኝ፣ ልጄ» አሉ ቀስ ብለው። «ሰው ሁሉ የሚገኘው ያን ጊዜ ነው ብዬ።» ሰው ሁሉ ሲሉ ዓይናቸው እንደገና ወደ ወይራው ሄደ። «አላሰብኩትም። ሃያ ዓመት በዚህ በር ገብቼ ስወጣ አንድም ቀን አላሰብኩትም።»

አቶ ዘመኑ መዝገቡን በብብታቸው ይዘው ደረሱ። «ቃለ ጉባኤው ተፈርሟል፣ ነገ ቆራጮች ይገባሉ» አሉ፤ ነገሩን ሲሰሙ ግን እሳቸውም አቀረቀሩ።

«እንደገና ይቆጠር» አለች ናርዶስ።

«ልጄ» አሉ ቄሱ፣ «ጉባኤ የወሰነውን እኔ ብቻዬን ባፈርሰው፣ ነገ ደግሞ ለእናንተ የሚወሰነውን ሌላው ብቻውን ያፈርሰዋል። ሰው ተበትኗል። ለእናትሽ ይቅርታ በይልኝ። ለሚቀጥለው ጉባኤ ስብሰባው ከግቢ ውጭ እንዲሆን እናገራለሁ።»

የሚቀጥለው ቆረጣ ሲደርስ ናርዶስ ሃያ ሁለት ዓመቷ ይሆናል። ቄሱ ያሉት ትክክል ነበር፤ ያንገበገባትም እሱ ነው። ሰውየው ተሳስተው ቢሆን ኖሮ ትጮህባቸው ነበር። ደህና ሰው ሲያዝንልሽ የምትጮሂበት ቦታ የለሽም።

ወደ ቤት ሲሄዱ ሃና መንገዱን ሙሉ ስታጽናናት ቆየች። «ለእናትሽ አወጣሁ፣ ግን ተሸነፍን በያት። ያው ነው እኮ። ውጤቱ አይለወጥም።» ናርዶስ ዓረፍተ ነገሩን በልቧ ስትለማመደው ሄደች። አወጣሁ፣ ግን ተሸነፍን። አጭር ነበር፣ ለመናገርም አይከብድም።

እናቷ እንደ ጠዋቱ መደቡ ላይ ናት፤ ሕፃኗ ተኝታለች። «አወጣሽልኝ?» አለች ገና ከበሩ።

«አልገባሁም» አለች ናርዶስ። «መጣብኝ። በሩ ላይ።»

እታለማሁ ሳቅ ይሁን ልቅሶ የማይለይ ድምፅ አወጣችና አፏን በነጠላዋ ያዘች። «እኔም ብሆን አልገባም ነበር» አለች። «ስንት ለስንት?»

«አርባ ሰባት ለአርባ አራት። ከውጭ አራት ቤት ነበርን።»

እናቷ መቁጠሯን ናርዶስ ከጣቶቿ አወቀች። ቆጥራ ስትጨርስ ግን የተናገረችው ሌላ ነው። «ታይቱስ?»

«ለሰንበቴው።»

«እሷስ ምን ታድርግ። ፈርታ ነው። እኔም ይህችን አርግዤ ቢሆን ኖሮ» አለችና ወደ ሕፃኗ አየች። «ስንት ቀራት?»

«አንድ ወር አይሞላም።»

«ወንዱ ሁሉ ቆላ ወርዶ» አለች እታለማሁ። «ማን ይሸከማታል?»

ናርዶስ እናቷን የተሸከሙትን ስምንት ሰዎች አንድ በአንድ አሰበች። አሁን መንደር ያሉት ሦስት ናቸው፤ አንዱ ደግሞ ወገቡን የሚያመው ነው።

ስምንት ሰዓት ላይ ስንቋን ተሸከመች፤ ድንች፣ በሶ፣ ሽሮ። ሃና መንገድ ላይ ጠበቀቻትና ቁልቁለቱን ጀመሩ። የደብሩ ባህር ዛፍ በስተቀኝ ቆሟል፤ ሊቆረጡ የተመረጡት ግንዶች ላይ በኖራ ምልክት ተደርጎባቸዋል። ናርዶስ አላየቻቸውም፤ ማለት አየቻቸው፣ ግን ፊቷን መለሰች።

ስለ ክፍላቸው እያሰበች ነበር። ክፍሉ ጠባብ ነው፤ አንድ ፍራሽ፣ አንድ ምድጃ፣ ደብተር የሚደረደርበት ሳጥን። ከጤና ጣቢያው ግን ሁለት አጥር ብቻ ነው የሚለየው። በፈተና ሰሞን የሕፃን ልቅሶ ከዚያ እየተሰማ ሃና ጆሮዋን በጥጥ ስትደፍን ትከርማለች።

«ሃና፣ ፍራሹ ሦስት ሰው ይችላል?»

ሃና ሳትቆም «ሦስት? እግራችንን ገበያ ልናሳድረው ነው?» አለች። ከዚያ ቆመች። «ማንን?»

ናርዶስ በአገጯ ወደ ግራ ጠቆመች። የታይቱ ቤት ያለው እዚያ ነው፤ ከመንገዱ ጥቂት ገባ ብሎ።

«ናርዲ፣ እሷ እኮ በእናንተ ላይ ነው እጇን ያወጣችው።»

«አይቻለሁ።»

«አከራያችንስ? እንግዳ አትወድም።»

«እጠይቃታለሁ።»

«እምቢ ብትልስ?»

ታይቱ ራሷ እምቢ ልትል ትችላለች፤ ቤቷን፣ ከብቶቿን ለማን ትተዋለች? እሺ ብትል እንኳ አንዲት ሴት ናት። በዚህ ቀበሌ ብቻ ስንት እርጉዝ አለ፣ ፍራሹ ደግሞ አንድ ነው። ናርዶስ ይህን ሁሉ ታውቃለች።

«እኔ መሬት እተኛለሁ» አለች።

ሃና ስንቋን ከጀርባዋ አውርዳ መንገዱ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀመጠች፣ ጫማዋን አውልቃ ጠጠር ማራገፍ ጀመረች። እጠብቅሻለሁ ማለቷ ነው። ናርዶስም የራሷን ስንቅ ጎኗ አስቀምጣ ወደ ግራ ታጠፈች።

አጥሩ ጋ ስትደርስ ታይቱ ደጃፉ ላይ እግሯን ዘርግታ ተቀምጣ አየቻት። ታይቱ ስታያት ቀኝ እጇን ከነጠላዋ በታች ሸሸገችው።

«እትዬ ታይቱ» አለች ናርዶስ፣ የአጥሩን መዝጊያ እያነሳች። «ልጠይቅሽ የመጣሁት ነገር ነበረ።»